ማሽኑን ከመውቀሳችሁ በፊት ፕሌቱን እዩ፦ በባለ 384 ዌል ፕሌት የካልሲየም ምርመራ እንዴት እንደምሠራ

ባለ 384 ዌል ፕሌት፣ ማለትም 384 ትናንሽ ጉድጓዶች (ዌሎች) ያሉት ሰሌዳ፣ ለብቻዬ የሠራሁ የመጀመሪያ ቀን፣ በሴሎች ውስጥ ካልሲየም ሲጨምር የሚደምቀውን ቀለም በሚቀርጸው ማሽን ስክሪን ላይ ሁለት ረድፍ ከዳር እስከ ዳር ጨልሞ ወጣ። ጂ እና ኤች የሚባሉት። ከነሱ በላይ ያሉት ስድስቱ ደህና ናቸው። ከታች ያሉት ስምንቱም ደህና ናቸው። ሁለቱ ብቻ መብራት የጠፋበት ሰፈር መስለዋል።

ካሜራው ተበላሽቷል ብዬ ደመደምኩ። ሌንሱን ጠረግሁ። ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁ። ለጥገና የሚላክ ረጅም ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ። ከኔ በፊት ብዙ ዓመት የሠሩ አንድ ትልቅ ሰው በጎኔ ሲያልፉ ቆም አሉና «አንቺ ልጅ፣ ማሽኑን ተዪውና ፕሌቱን አሳዪኝ» አሉኝ። ፕሌቱን ወደ መብራት አንስተው ከሥሩ አዩት። ረድፎቹን በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ ቀጥ ብለው የሄዱት በዋዜማው ሴል ወዳከፋፈልኩበት ዲስፔንሰር፣ ወደ ፈሳሽ ማከፋፈያው ነው።

ዲስፔንሰሩ 8 ኖዝል (የፈሳሽ ማውጫ ቀዳዳ) አለው። በኖዝሎቹ መካከል ያለው ርቀት 9 ሚሊሜትር ነው። በባለ 384 ፕሌት ላይ ዌል ከዌል የሚራራቀው ደግሞ 4.5 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ አንዱ ኖዝል ሁለት ጎረቤት ረድፎችን ይሞላል። ጂ እና ኤች የአራተኛው ኖዝል ድርሻ ናቸው። አራተኛው ኖዝል ጫፍ ላይ የደረቀ ሚዲየም (የሴሎቹ መኖ ፈሳሽ) ተጋግሮበት ነበር። ካሜራው ያየውን ነው ያሳየኝ፤ እዚያ ሴል አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ፕሌት አበላሽቻለሁ። የማሽኑ ጥፋት የሆነው ግን በጣም ጥቂቱ ነው። ስለዚህ ይህን ስጽፍ ስለ ማሽኑ ትንሽ፣ ከማሽኑ በፊት ስላለው ነገር ብዙ እላለሁ።

ማሽኑ ምን ይሠራል?

ፕሌቱን ከሥር በብርሃን ይመታዋል፣ ከሥር በካሜራ ያየዋል፣ ከላይ ደግሞ 384 ቲፕ (ቀጭን የፈሳሽ መጨመሪያ ጫፍ) የያዘ ጭንቅላት በአንድ ጊዜ ፈሳሽ ይጨምራል። ካሜራው መቅረጹን ሳያቋርጥ ነው የሚጨመረው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የወጣውና ብዙዎቻችን «ፍሊፐር» የምንለው ማሽን በዚህ ነው ስም ያወጣው።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን አስፈለገ? ካልሲየም ስለማይጠብቅ። በተረጋጋ ሴል ውስጥ ያለው ነጻ ካልሲየም 100 ናኖሞላር ገደማ ነው። ከሴሉ ውጭ ያለው ከ1 ሚሊሞላር በላይ ነው፤ 10,000 እጥፍ ማለት ነው። ሪሴፕተሩ (መድኃኒቱን የሚቀበለው የሴሉ ፕሮቲን) ሲነካ ጂ ኪው በሚባል ፕሮቲን በኩል አይፒ 3 የሚባል መልእክተኛ ሞለኪውል ይፈጠራል፣ በሴሉ ውስጥ ያለው የካልሲየም ጎተራ ይከፈታል፣ መጠኑም በሰከንዶች ውስጥ ጫፍ ነክቶ መውረድ ይጀምራል። አሁን ዌል በዌል የሚያነብ ተራ ሪደር አስቡ። ለአንድ ዌል አንድ አሥረኛ ሰከንድ ቢወስድ እንኳ ለ384 ዌል 38.4 ሰከንድ ነው፤ ከዌል ወደ ዌል የሚሄድበትን ሳንቆጥር። መጨረሻው ዌል ጋ ሲደርስ ድግሱ አልቋል።

ምርመራችሁ የማይቸኩል ከሆነ ግን ይህ ማሽን አያስፈልጋችሁም። ሴል ሞተ ወይስ አለ የሚለውን ለማወቅ ተራ ፕሌት ሪደር ይበቃል። ፕሮቲኑ ወደ ኒውክሊየስ ገባ ወይ ለሚለው ደግሞ የሴሉን ምስል የሚያነሳ ማሽን ነው የሚሻለው። ወረፋ ይዞ ለማያስፈልገው ነገር የሚጠቀምበት ሰው ያናድደኛል።

ሴሉ፦ ሥራው የሚበላሸው እዚህ ነው

ግድግዳው ጥቁር፣ ሥሩ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕሌት ውሰዱ። ጥቁሩ ግድግዳ የአንዱ ዌል ብርሃን ወደ ጎረቤቱ እንዳይሻገር ይከለክላል። ሴላችሁ ሄክ 293 (በቤተ ሙከራ የሚራባ የሰው ሴል) ከሆነ ሥሩ ሴል በሚያጣብቀው ፖሊ ዲ ላይሲን የተቀባ ይሁን። ሄክ ሲይዝም እንደነገሩ ነው፣ ትንሽ ከነኩት ይነሳል።

እኔ በአንድ ዌል 15,000 ሴል በ25 ማይክሮሊትር አደርጋለሁ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በሚሊሊትር 600,000 ሴል ማለት ነው። ለ384 ዌል 9.6 ሚሊሊትር ይበቃል። በቱቦው ውስጥ የሚቀር ስላለ 12 ሚሊሊትር አዘጋጃለሁ። ስለዚህ 7.2 ሚሊዮን ሴል ያስፈልገኛል። ቆጠራውን በግምት አትለፉት። ትናንት ከ12,000 ጋር የሠራችሁትን ዛሬ ከ18,000 ጋር ብታወዳድሩት የመድኃኒት ልዩነት የሚመስል የቁጥር ልዩነት ታገኛላችሁ።

ሴል ጠርሙስ ውስጥ ይዘቅጣል። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ይረሳል። እያከፋፈላችሁ ጠርሙሱን በዝግታ አሽከርክሩ። አለበለዚያ የመጀመሪያዎቹ አምዶችና የመጨረሻዎቹ አንድ ዓይነት አይሆኑም።

አሁን ደግሞ አብዛኛው ሰው የሚዘለው ነገር። ፕሌቱን እንደሞላችሁ ወደ ኢንኩቤተር አታስገቡት። በክፍሉ ሙቀት፣ ዝርግ ጠረጴዛ ላይ፣ አንዱን በአንዱ ላይ ሳትደራርቡ 30 ደቂቃ ተዉት። ቀዝቃዛ ፕሌት ወደ 37 ዲግሪ ሲገባ ዳሩ ቀድሞ ይሞቃል። ፈሳሹ ይንቀሳቀስና ገና ያልያዙትን ሴሎች ወደ ዌሉ አንድ ጎን ይገፋል። በማግስቱ በማይክሮስኮፕ ስታዩት ሴሎቹ ግማሽ ጨረቃ ሠርተው ይጠብቋችኋል። እኔ ችኩል ነኝ። ይህን ሠላሳ ደቂቃ ለመታገስ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

በማግስቱ፣ ከ18 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ማይክሮስኮፕ ሥር አድርጋችሁ መሀሉንም አራቱን ማዕዘንም እዩ። ሴሎቹ ከሥሩ ከ80 እስከ 90 በመቶውን መሸፈን አለባቸው። የዳር ዌሎች ከሌሎቹ ቀድመው ይተናሉ፤ ባለ 384 ፕሌት ዙሪያውን 76 ዌል ነው። እነሱን ጨርሶ ላለመጠቀም ከወሰናችሁ 308 ይቀራችኋል። እኔ ብዙ ጊዜ እጠቀምባቸዋለሁ። ኮንትሮሎቼን (ማነጻጸሪያ ዌሎቼን) ሁሉ አንደኛውና ሃያ አራተኛው አምድ ላይ አልከምርም እንጂ። የፕሌቱ መለኪያ በሙሉ በፕሌቱ መጥፎ ቦታ ላይ ሲሆን አስቡት።

ቀለሙ

የምጠቀመው ካልሲየም ሲይዝ የሚደምቀውን ፍሉኦ 4 ኤኤም የሚባል ቀለም ነው። ኤኤም የሚባለው ጭራ ቀለሙን በሴሉ ሽፋን ያሳልፈዋል። ውስጥ ሲገባ የሴሉ ኢስተሬዝ (ቆራጭ ኢንዛይም) ጭራውን ይቆርጠዋል። የተቆረጠው ቀለም መውጫ ያጣል፣ ካልሲየምም የሚይዘው ያኔ ነው። ይህን ብልሃት ያመጣው ሮጀር ቼን ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የኬሚስትሪ ኖቤል ሲካፈል ግን የተሸለመው በአረንጓዴው ፍሎረሰንት ፕሮቲን ነው። እኔ ብሆን ለቀለሞቹም አንድ እጨምርለት ነበር።

ኢስተሬዝ ሴረም (ሚዲየም ላይ የሚጨመር የደም ፈሳሽ) ውስጥም አለ። ሴረም ያለበት ሚዲየም ላይ ቀለሙን ብታፈሱት ጭራው ውጭ ይቆረጥና ቀለሙ ሳይገባ ይቀራል። ፌኖል ሬድ የሚባለው የሚዲየሙ ቀይ ቀለምም ለብርሃኑ ጠላት ነው። ስለዚህ ቀለሙን የምበጠብጠው ኤችቢኤስኤስ በሚባል የጨው መፍትሔ፣ ፒኤች ከሚያጸናው 20 ሚሊሞላር ሄፔስ ጋር፣ ፒኤች 7.4 ላይ ነው። የሚታጠብ ዓይነት ከሆነ ቀለሙ በሴሉ ላይ ከ1 እስከ 5 ማይክሮሞላር፣ ቀለሙ እንዲበተን የሚረዳ ትንሽ ፕሉሮኒክ ኤፍ 127 ተጨምሮበት። የማይታጠብ ኪት ከሆነ ደግሞ ወደ ሴል የማይገባ ጥቁር ማፈኛ ቀለም አብሮት ይመጣል፤ ውጭ የቀረውን ፍሎረሰንስ ያጠፋል። ምርጫው ለኔ ከሆነ የማይታጠበውን ነው የምወስደው። እያንዳንዱ እጥበት ሴል ይዞ ይሄዳል።

ከሃምስተር የተገኘው ቾ ሴል የገባለትን ቀለም መልሶ ያስወጣል። ለሱ ማስወጫውን የሚዘጋ ፕሮቤኔሲድ 2.5 ሚሊሞላር ይጨመራል። ፕሮቤኔሲድ ውኃ ውስጥ አልሟሟም ይላል፤ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው የሚሟሟው። እዚህ ላይ አንድ ቀን ጉድ ሆኛለሁ። ባፈሩን (የጨው መፍትሔውን) ቀላቅዬ ፒኤቹን መልሼ ሳላይ ፕሌቱ ላይ ጨመርኩት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሴሎቹ እንደ አሮጌ ቀለም ቅብ ተልጠው ተንሳፍፈው ነበር። ከፕሮቤኔሲድ በኋላ ፒኤች ሜትሩን ሳትነክሩ አትለፉ።

25 ማይክሮሊትር ሴል ላይ 25 ማይክሮሊትር ቀለም። 37 ዲግሪ ላይ ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት፣ ጨለማ ውስጥ። ከዚያ ለ15 ደቂቃ ወደ ክፍሉ ሙቀት። ሙቅ ፕሌት ማሽኑ ላይ ስታስቀምጡ እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ መነሻ መስመራችሁ ይንሸራተታል።

የመድኃኒቱ ፕሌት

ዌሉ ውስጥ አሁን 50 ማይክሮሊትር አለ። 12.5 ማይክሮሊትር ስንጨምርበት 62.5 ይሆናል። ስለዚህ መድኃኒቱ በ5 እጥፍ ይዘጋጃል። ስቶኩ (የተከማቸው ዋና መፍትሔ) 10 ሚሊሞላር ከሆነና መጨረሻ ላይ 10 ማይክሮሞላር ከፈለጋችሁ፣ የመድኃኒቱ ፕሌት ላይ 50 ማይክሮሞላር ይሆናል፤ መድኃኒቱ የተሟሟበት ዲኤምኤስኦ የሚባለው ፈሳሽ እዚያ 0.5 በመቶ፣ ሴሉ ላይ 0.1 በመቶ።

ዲኤምኤስኦው ዌል ለዌል እኩል ይሁን። ባዶ የምትሉት ኮንትሮልም ያንኑ ያህል ይኑረው። ንጹሕ ባፈር ኮንትሮል አድርጎ ከዲኤምኤስኦ ጋር ማወዳደር ፈሳሹን ራሱን መለካት ነው።

አጨማመሩ

ሰው ሁሉ ስለ ካሜራው ይጠይቀኛል። የሚያጣላን ግን ቲፑ ነው። ሁለት ነገር ነው የምታስተካክሉት፤ ቁመቱንና ፍጥነቱን።

ቲፑ ከፍ ካለ ጠብታው ይንጠለጠላል፣ ወይም ላይ ተንሳፍፎ ሳይቀላቀል ይቀራል። ዝቅ ካለ ሴሉን ይመታል። እኔ የማደርገው፣ ጨምሮ ሲጨርስ የቲፑ ጫፍ ከፈሳሹ ወለል ትንሽ ገባ እንዲል ነው። ፍጥነቱን በሰከንድ 20 ማይክሮሊትር ላይ እጀምራለሁ። ለሄክ ከዚያ ዝቅ አድርጌ አያለሁ።

ልክ መሆኑን የምታውቁት በግምት አይደለም። ቀለም የጠጣ አንድ ፕሌት ላይ ባዶ ባፈር ብቻ ጨምሩ። ግራፉ ሲጨመር ትንሽ ጎንበስ ብሎ ቀጥ ማለት አለበት። ሽቅብ ከዘለለ ሴሎቹ የደነገጡት በፈሳሹ ግፊት ነው። ሄክም ቾም ኤቲፒ (የሴል የኃይል ሞለኪውል) የሚሰማ የራሳቸው ሪሴፕተር አላቸው። የተመታ ሴል ኤቲፒ ይለቃል፣ ጎረቤቱ ይሰማል፣ እናንተ መድኃኒቱ ሠራ ትላላችሁ። ግራፉ በደረጃ ወርዶ እዚያው ከቀረ ደግሞ ሴሉ ተነስቷል። ያን ፕሌት ማይክሮስኮፕ ሥር አድርጉት። ቲፑ ባረፈበት ልክ መሀሉ የተመለጠ ክብ ታያላችሁ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ስቄያለሁ፤ 384 ራሰ በራ ነበር ከፊቴ።

ማስኬድ

ፍሉኦ 4 በ494 ናኖሜትር ገደማ ብርሃን ይነቃል፣ በ516 ገደማ ያበራል። ማሽኑ ላይ ከ470 እስከ 495 የሚያበራውን ኤልኢዲና ከ515 እስከ 575 የሚያሳልፈውን ፊልተር ምረጡ። ከዚያ ምንም ሳትጨምሩ አንድ ጊዜ አንብቡ። የዌሎቹ መነሻ ምን ያህል ይለያያል? እኔ የልዩነት መጠኑ ከ10 በመቶ ካለፈ አልቀጥልም። ሌላው ሊቀጥል ይችላል፣ እኔ ግን መድኃኒት ማባከን አልወድም።

የካሜራውን መጠን ስታስተካክሉ መነሻውን ብቻ አትዩ። ጫፉ ከመነሻው ብዙ እጥፍ ሊያድግ ይችላል። ኃይለኛውን ኮንትሮል ቀድማችሁ አንድ ሁለት ዌል ላይ ሞክሩት። የግራፉ አናት እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ከሆነ ካሜራው ሞልቷል ማለት ነው፤ ብርሃኑን ቀንሱ።

አነባበቡ፦ 10 ሰከንድ መነሻ በየሰከንዱ፣ ከዚያ ጭማሬ፣ ከዚያ 2 ደቂቃ በየሰከንዱ። የመጨረሻውን ክፍል ማዘግየት ይቻላል።

ቁጥሩን ከማየታችሁ በፊት ቅርጹን እዩ

ሶፍትዌሩ የየዌሉን ከፍተኛ ቁጥር አውጥቶ በቀለም ያሳያችኋል። አትቸኩሉ። ግራፎቹን ክፈቱ።

እውነተኛ የጂ ኪው ምላሽ ከተጨመረ በኋላ ጥቂት ሰከንድ ይወስዳል፣ ሽቅብ ይወጣል፣ ይወርዳል። መድኃኒቱ ራሱ የሚያበራ ከሆነ ልክ በተጨመረበት ቅጽበት ይዘልና እዚያው ቁጭ ይላል። ሴል የሌለበት ዌል ላይ ጨምሩት፣ ያው ይዘላል። ቀስ እያለ የሚወጣና የማይመለስ ግራፍ አብዛኛውን ጊዜ የሴሉን ሽፋን የሚበሳ ነገር ነው። ሪሴፕተሩ የሌለበትን እናት ሴል ጎን ለጎን አስኪዱ። እሱም ከመለሰ፣ መድኃኒታችሁ የሚያናግረው ሌላ ሰው ነው።

ቀጥሎ ከሩቅ ሆናችሁ ሙሉውን ፕሌት እዩ። ሁለት ሁለት ረድፍ ከጨለመ ኖዝል ነው። ዙሪያው ከተለየ ትነት ነው። ከግራ ወደ ቀኝ እየደበዘዘ ከሄደ ሴሉ ጠርሙስ ውስጥ ዘቅጧል። አንድ ዌል ብቻ፣ በየፕሌቱ በዚያው ቦታ ከሞተ አንድ ቲፕ ተደፍኗል። አንድ ዌል ብቻ፣ በዚህ ፕሌት ብቻ ከሆነ አቧራ ወይም የአየር አረፋ ነው፤ እለፉት።

ፕሌቱ ጥሩ ነው ለማለት ዚ ፕራይምን አሰላለሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 ዣንግ፣ ቹንግና ኦልደንበርግ ያወጡት መለኪያ ነው። የከፍተኛውና የዝቅተኛው ኮንትሮል መደበኛ ልይይት ይደመራል፣ በ3 ይባዛል፣ በአማካዮቹ ልዩነት ይካፈላል፣ ከ1 ይቀነሳል። ከፍተኛው በአማካይ 12,000፣ ልይይቱ 900፤ ዝቅተኛው 1,500፣ ልይይቱ 300 ይሁን። 3,600 ለ10,500 ሲካፈል 0.34፤ ዚ ፕራይም 0.66 ነው። ከ0.5 በላይ ስለሆነ ደህና ነው። አሁን የከፍተኛውን ልይይት ብቻ 1,500 አድርጉት። 0.49 ይሆናል። አማካዩ ንቅንቅ አላለም። ምልክቱ ደካማ ሲሆን ሰው ሁሉ ብርሃን ይጨምራል፤ ብዙ ጊዜ የጎደለው ግን የዌሎቹ መመሳሰል ነው።

የሚያግድ መድኃኒት የምትፈልጉ ከሆነ ጭማሬው ሁለት ነው። መጀመሪያ መድኃኒቱ፣ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ በኋላ ቀስቃሹ። የመጀመሪያውንም ጭማሬ ቅረጹት፣ የሚያበራውና የሚቀሰቅሰው እዚያ ላይ ይጋለጣል። ቀስቃሹ ኢሲ80 (ከሙሉው ምላሽ 80 በመቶውን የሚሰጠው መጠን) ላይ ይሁን። የኩርባው ሂል ስሎፕ (የቁልቁለቱ መለኪያ) 1 ከሆነ ኢሲ80 የኢሲ50 አራት እጥፍ ነው። ባለፈው ሳምንት ያገኛችሁትን ቁጥር አትመኑ፤ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሴል አንድ ፕሌት ለሱ አውጡ።

ሥራ ሲያልቅ ቲፖቹን ማጠብ አለ። የሚጣበቅ መድኃኒት ካለ በውኃ ብቻ አይለቅም፤ በዲኤምኤስኦ ወይም በኤታኖል፣ ከዚያ በውኃ። ከዚያ ዲስፔንሰሩ። ውኃ፣ 70 በመቶ ኤታኖል፣ አየር። ከሥሩ ጥቁር ወረቀት አደርግና ለመጨረሻ ጊዜ ውኃ አስለቅቃለሁ። ጎንበስ ብዬ የሚወርዱትን መስመሮች እቆጥራለሁ። አራተኛውን ሁለቴ አየዋለሁ። ስምንት ከሆኑ ኮቴን አንስቼ እወጣለሁ።